ቂመኛው ዳኛ

ኮሎኔል ቶለሳ ማረፋቸውን በስልክ ያረዱኝ ባለቤታቸው እትዬ አስናቀች ናቸው። አዳማ ፍርድ ቤት ደጅ ላይ ቆሜ የደንበኛዬን ተራ እየጠበቅሁ ነበር። "አንቺ ልጅ፣ ቶሌ ሄደብኝ" አሉኝ። ማልቀስ ሲገባኝ አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነገር ነው።

"ቂማቸውን ይዘው ነው የሄዱት?" አልኳቸው።

እትዬ አስናቀች በለቅሷቸው መሃል ሳቅ አመለጣቸው። "ይዞት ነው እንጂ! ለማን አደራ ይሰጠዋል?"

ድንኳኑ ውስጥ የተወራው ግን ስለ ሌላ ሰው ይመስል ነበር። አንዱ ተነስቶ "የሕግ ሰው ነበሩ" አለ፤ ልክ ነው። ሌላው "በጠላታቸው ላይ እንኳ አልፈርድም ብለው ከወንበራቸው የተነሱ ጨዋ" አለ፤ ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። ፓስተሩ ደግሞ "የይቅርታ አባት" ብለው ጨረሱት። እትዬ አስናቀች ከሴቶቹ መሃል ሆነው አየት አደረጉኝ። ለቅሶ ቤት ተነስቶ "ውሸት ነው" ማለት ነውር ስለሆነ ዝም አልኩ። እዚህ ግን ዝም አልልም። ቶለሳ ይቅር ባይ አልነበሩም። ቂመኛ ነበሩ። እኔ የወደድኳቸውም በዚያው ነው።

ስንተዋወቅ ሻምበል ነበርኩ፤ የይግባኝ ሰሚው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር። እሳቸው የችሎቱ ሰብሳቢ ዳኛ ናቸው። የሁለታችንም ቤት አዳማ ስለነበር ሰኞ ሰኞ ማለዳ በአንድ የመሥሪያ ቤት መኪና ወደ አዲስ አበባ እንወጣለን፤ ዓርብ እንመለሳለን። አጭር፣ አንገተ ደንዳና፣ የሐይቅ ዳር ፀሐይ ያጠቆራቸው ሰው ናቸው። አባታቸው ባቱ ላይ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ። መነጽራቸውን በከረባታቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፤ ሲናደዱ ድምፃቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ችሎት ላይ አንድ ልማድ ነበራቸው። ባለማዕረግ ቆሞ ሲናገር ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ተራ ወታደር አፉን ሲከፍት ያነሱና መጻፍ ይጀምራሉ። አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኳቸው።

"ባለማዕረጉን ሌላው ይጽፍለታል" አሉኝ። "ከታች ሆኖ የሚናገር ሰው ድምፁ ወደ ላይ አይደርስም። ወይ አንዱ ጎንበስ ብሎ መስማት አለበት፣ ወይ ራሱ ከፍ ማለት አለበት። እኔ ጎንበስ የሚልልኝ አጣሁ። ስለዚህ ከፍ አልኩ።"

የታሪካቸውን ሥር ያወቅሁት ብዙ ሰኞዎች ካለፉ በኋላ፣ መኪናው ውስጥ ነው። ወጣት አስር አለቃ ሳሉ ታናሽ ወንድማቸው ገመቹ በዚያው ጦር ውስጥ ሾፌር ነበር። አዛዣቸው ሻለቃ ግዛው ይባላል። ይህን ሰው በአንቱታ አልጽፈውም፤ ዕድሜውን አክብሬ ፊት ለፊት "እርስዎ" ብዬው ይሆናል፣ እዚህ ግን አይገባውም። ግዛው መቂ ላይ በዘመድ ስም የያዘው የሽንኩርት እርሻ ነበረው። አንድ ቀን ገመቹን ጋራዥ ድረስ መጥቶ "መኪናውን አስነሳና ሽንኩርቴን አዳማ አድርስልኝ" ይለዋል። ቶለሳ እዚያው ቆመው ሰምተዋል። ገመቹም "እሺ ጌታዬ" ብሎ ወጣ። ለጭነት የተላኩ ሁለት ወታደሮች ከሽንኩርቱ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቆቃ አካባቢ መኪናው ተገለበጠና ሁለቱም ሞቱ። ገመቹ ተረፈ።

ችሎት ቀረበ። ግዛው ለምስክርነት ቆሞ "ያለ ትዕዛዜ መኪና ሰርቆ ወጥቷል" አለ። ቶለሳም በተራቸው ቀርበው የሰሙትን ተናገሩ። ግዛው ከመቀመጫው ሳይነሳ ሳቅ ብሎ "ወንድሙ እኮ ነው፤ ምን እንዲል ትፈልጋላችሁ?" አለ። በዚያው አበቃ። ገመቹ ተፈረደበት፤ እስር ቤት ሳንባውን ታሞ ፍርዱን ሳይጨርስ ሞተ። ባቱ ላይ እናታቸው "የመኪና ሌባ እናት" ተባሉ። ልጇ የሰው ልጆች አስጨረሰ እየተባለ ለለቅሷቸው እንኳ ጎረቤት አልመጣላቸውም።

"ያን ዕለት ግዛውን በጥይት ልመታው አስቤ ነበር" አሉኝ ቶለሳ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ። "ግን ሲሞት አይሰማውም። እኔ ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጬ፣ እሱ ቆሞ፣ እንዲሰማው ነው የፈለግሁት።"

እና ወደ ላይ ወጡ። ያቋረጡትን ትምህርት በማታ ጨረሱ። የጦሩ ጸሐፊ ሆኑ፤ ሕግ ተማሩ፤ መኮንንነት ገቡ። ወታደራዊ ዐቃቤ ሕግ፣ ቀጥሎ የቀዳሚው ፍርድ ቤት ዳኛ፣ ከዚያ የይግባኝ ሰሚው። ጓደኞቻቸው የሕግ ፍቅር ያነሳሳቸው ይመስላቸው ነበር። እያንዳንዷን ደረጃ ሲወጡ የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው፦ ግዛው አሁን የት ነው ያለው? የት እንደተዛወረ፣ መቼ ማዕረግ እንደተጨመረለት፣ ማንን እንደዳረ ሁሉ ያውቃሉ። እትዬ አስናቀች እንግዳ ባለበት "የሌላዋ ባል ውሽማ ይይዝባታል፤ የኔ ባል ግዛውን ያዘብኝ። ጣውንቴ እሱ ነው" እያሉ ያስቁን ነበር። ሳቁ ግን የእውነት አልነበረም። ማታ ማታ ከጎናቸው የሚተኛው ሰውዬ ከማን ጋር እንደሚያድር ያውቃሉ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አይቀሩም። ምእመኑ አባታችን ሆይን አብሮ ሲል እሳቸውም ይላሉ። "የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የሚለው ጋ ሲደርስ ግን አፋቸው ግጥም ይላል። ያቺ ስታልፍ መልሰው ይቀጥላሉ። እትዬ አስናቀች አንድ ጊዜ "እግዚአብሔር የማያይህ መስሎህ ነው?" ብለው ተቆጧቸው። "ላለመዋሸት ነው" አሏቸው።

የጠበቁት ቀን በኔ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ግዛው ያኔ ኮሎኔል ሆኖ ነበር። አዳማ ዳርቻ ላይ ለሚሠራው ቤት አንድ ወታደር የውኃ ጉድጓድ እንዲቆፍርለት ልኮ፣ አፈሩ ተደርምሶ ልጁ ሞተ። የቀዳሚው ፍርድ ቤት በሥልጣን አላግባብ መጠቀም ፈረደበት። ይግባኝ አለ። ስሙን እንዳነበብኩ መዝገቡን ይዤላቸው ገባሁ።

ቶለሳ ስሙን አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

"ጌታዬ፣ ከዚህ መዝገብ ይነሳሉ አይደል?" አልኳቸው። ዳኛ ጠላቱ ላይ እንደማይቀመጥ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ።

"አንድ ጊዜ ቆሞ ልየው" አሉኝ።

የቀጠሮው ዕለት ግዛው ቆመ። ሽበቱ በዝቷል፤ ደረቱ ግን እንደተነፋ ነው። ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው ቀና ብሎ አይቶ ግንባሩን ዝቅ አደረገ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ወታደሩ ያለ ትዕዛዜ በራሱ ፈቃድ ነው የሄደው። የበታች ሰው ሲያጠፋ ወደ አለቃው ማላከክ ልማዱ ነው" አለ።

ቶለሳ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"ይግባኝ ባይ" አሉ፤ ድምፃቸው በጣም ቀንሶ ነበር፤ "ገመቹ የሚባል ሾፌር ያስታውሳሉ?"

ግዛው "የትኛው ገመቹ? ብዙ ገመቹ አዝዣለሁ" አለ።

ቶለሳ ተነስተው ቆሙ። "ይህ ጥያቄ ከመዝገቡ ጋር ግንኙነት የለውም" አሉ። "እዚህ መቀመጥ የማልችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የገመቹ ወንድም ነኝ። ከዚህ መዝገብ ተነስቻለሁ።" ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው በጓሮ በር ወጡ።

ዝናቸው በሠራዊቱ ውስጥ የወጣው ያን ቀን ነው። "ጠላቱ እጁ ላይ ወድቆለት ለሕግ ሲል የተወ" ተባለ። ሥልጠና ላይ ሳይቀር እንደ ምሳሌ ይነሳሉ። እኔ ግን ተከትያቸው ቢሮ ስገባ ካባቸውን ወንበሩ ላይ ወርውረው ተቀምጠው ነበር።

"ለዚያች ወንበር ነው ዕድሜዬን የሰጠሁት" አሉኝ።

"ታዲያ ለምን ተነሱ?"

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ያየሁትን ጨዋነት ብሎ የሚጠራው ያላየው ሰው ብቻ ነው። "ብፈርድበት 'ወንድምየው ፈረደብኝ' ብሎ ፍርዱን ያስሽረዋል። ነፃ ይወጣል። እኔ በኔ እጅ እንዲያመልጥ አልፈልግም። ሌሎቹ ይፍረዱበት፤ እንዳይፈታ አድርገው ይፍረዱበት።"

ሌሎቹም ፈረዱበት። ቅጣቱ ጸና፤ ማዕረጉን ተገፈፈ፤ ወኅኒ ወረደ። ውሳኔው ሲነበብ ይመጣሉ ብዬ ብጠብቃቸው አልመጡም። ዓርብ መኪናው ውስጥ "እንኳን ደስ አለዎት" አልኳቸው። "ለጉድጓዱ ልጅ እናት ደስ ይበላት" አሉኝ። "የገመቹ ስም እዚያ ውስጥ የታለ?"

ጡረታ ወጡ። እኔም ጥቂት ቆይቼ ሠራዊቱን ለቅቄ አዳማ ላይ የጥብቅና ቢሮ ከፈትኩ። ግዛው እስሩን ጨርሶ ሲወጣ የት መጥቶ ቢኖር ጥሩ ነው? እዚያው አዳማ፣ ጉድጓዱ ያለበት ቤት ውስጥ። ጠዋት ጠዋት ዋናው መንገድ ላይ ካለ ካፌ በረንዳ ተቀምጦ ማኪያቶ ይጠጣል።

አንድ ጠዋት ቶለሳ መጥተው ፊት ለፊቱ ካለው ጠረጴዛ ተቀመጡ። እሳቸውም ማኪያቶ አዘዙ። ጋዜጣ አልያዙም፤ ስልክ አልነኩም። ያዩታል። ጠጥቶ እስኪነሳ ያዩታል። በማግሥቱም መጡ። ግዛው ካፌ ቀየረ፤ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሄደ። ቶለሳ በባጃጅ ደረሱበት። ወደ አንድ ሆቴል ግቢ ዞረ፤ እዚያም አሉ። አይሰድቡትም፣ አያስፈራሩትም፣ አንዲት ቃል አይናገሩትም። የባጃጅ ልጆች ወሬውን ሰምተው ግዛውን "የኮሎኔሉ እስረኛ" አሉት። አንዱ ሾፌር ቶለሳ ሲሳፈሩ "ጋሼ፣ ዛሬስ እስረኛው የት ነው ያለው?" ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ ሒሳብም አይቀበላቸውም።

ፓስተሩ ቤታቸው ድረስ መጥተው መከሯቸው። እኔም ነበርኩ። "ቂም የያዘውን ነው የሚያቃጥለው፣ ወንድሜ" አሏቸው። ቶለሳ ዳቦውን ቆርሰው አቀረቡላቸውና "ይቃጠል" አሉ። "እሱ ሽታው ይድረሰው እንጂ።"

ከወራት በኋላ ግዛው ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ ቢሮዬ ገባ። ማን መሆኔን አላወቀም፤ ወይም ለማወቅ አልፈለገም።

"አንድ ሰውዬ እንዲያስቆሙልኝ ክስ ጻፊልኝ" አለኝ።

"ምን አደረገዎት?"

"ያየኛል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም። ቁጭ ብሎ ያየኛል።"

"ማየት የሚከለክል ሕግ አላውቅም" አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ጉንጮቹ ሟሽሸዋል፤ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል።

"ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ታሰርኩ። ማዕረጌን ተገፈፍኩ።"

"የታሰሩት ለጉድጓዱ ልጅ ነው" አልኩት።

ወደ መስኮቱ ዞረ። ውጭ ባጃጆቹ ይንጫጫሉ። ከዚያ ለራሱ እንደሚናገር ሰው "የሽንኩርቱ ሾፌር" አለ። "ቀጭን ልጅ ነበር። 'እሺ ጌታዬ' ብሎኝ ነው የሄደው።"

"መቼ አስታወሱት?"

"መች ረሳሁት?" አለ። "ችሎት ላይ ስሙን ሲጠራብኝ አዎ ማለት አቃተኝ። 'የትኛው ገመቹ' ማለት ቀለለኝ።"

ያን ቀን ከሰዓት ሄጄ ለቶለሳ ነገርኳቸው። አልረሳውም ስላቸው ይረካሉ ብዬ ነበር። ፊታቸው ተለወጠ። "ባይረሳው ነው እንዴ!" አሉ። "እያወቀ! እናቴ ገበያ መውጣት አፍራ ስትኖር፣ እያወቀ!" በመጨረሻ "ባቱ ይሂድ" አሉኝ። "ይህንኑ እናቴ ፊት ይበለው። ያኔ ካፌ አልሄድበትም። ንገሪው።"

ነገርኩት። ሦስት ቀን አስቦ መጣ።

በኮንትራት መኪና ሄድን። እኔ ከሾፌሩ ጎን፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኋላ። ቆቃን አለፍን። መቂ ስንደርስ መንገድ ዳር የተከመረው ሽንኩርት መታየት ጀመረ። ቶለሳ ያን ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። "እርሻህ የቱ ጋ ነበር?" አሉት። ግዛው በጣቱ አሳየ። ቶለሳ እስክናልፈው ድረስ አዩት።

እናታቸው እማማ ጫልቱ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። የሐይቁ ንፋስ በሚገባበት ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ ደጃፉ ላይ አጎዛ ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል። ቶለሳ በኦሮምኛ "እንግዳ ይዤልሽ መጣሁ" አሏቸው። እናቲቱም "ታኢ፣ ታኢ፣ ተቀመጥ" እያሉ በእጃቸው መቀመጫውን ጠቆሙ። ግዛው አልተቀመጠም።

"እማማ" አለ፤ "እኔ የገመቹ አዛዥ ነበርኩ። መኪናውን አልሰረቀም። እኔ ነኝ የላክሁት።"

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም።

"የወለድኩትን ልጅ አውቀዋለሁ" አሉት በአማርኛ። "ሌባ ነው ብዬ አንድ ቀን አልጠረጠርኩም። ለኔ ምን ትነግረኛለህ?" በትራቸውን አንስተው ወደ አጥሩ ጠቆሙ። "ለነሱ ንገር።"

እንግዳ መኪና ቆሞ ያየ ጎረቤት በሩ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ጋሪ ነጂዎች፣ ዓሣ ይዘው የሚመለሱ ሴቶች፣ አዛውንቶች። ግዛው ወደ በሩ ሄዶ ቆመና ወደ መሬት እያየ ተናገረ።

"ከፍ በል" አሉት ቶለሳ ከኋላው።

ደገመው።

"ከፍ በል! አልተሰማም!"

ድምፃቸውን ሲጨምሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ግዛው ቀና አለ። "ገመቹ ሌባ አልነበረም!" ብሎ ጮኸ። "ሽንኩርቱ የኔ ነበር! ትዕዛዙም የኔ ነው! ችሎት ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ!" ድምፁ መጨረሻ ላይ ተሰነጠቀ። ከአዛውንቶቹ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አጥሩን አልፋ ገባችና እማማ ጫልቱ እግር ሥር ወደቀች። ለገመቹ ለቅሶ ያልመጣች ጎረቤት እንደነበረች በኋላ ነገሩኝ። ሌሎችም ተከተሉ። ስንት ዓመት የዘገየ ለቅሶ እዚያው ተለቀሰ።

እማማ ጫልቱ በመሃል "ለሰውዬው ውኃ ስጡት፤ ጉሮሮው ደርቋል" አሉ። ተሰጠው፤ ጠጣ። ቶለሳ ከግቢው ጥግ ቆመው ያን ውኃ ሲጠጣ ያዩት ነበር። ደስታም ሐዘንም ፊታቸው ላይ አላየሁም።

ስንመለስ ሞጆ መታጠፊያው ላይ ግዛው መኪናውን አስቆመ። አዲስ አበባ ልጁ ጋ እንደሚሄድ፣ አዳማ ላይ ከእንግዲህ እንደማይኖር ተናገረ። ወረደ። በሩን ሳይዘጋ ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ቶለሳ ዘረጋ።

"ኮሎኔል፣ እንግዲህ መዝገቡ ተዘጋ?"

ቶለሳ እጁን አዩት። አልጨበጡትም።

"ይግባኝ አለው" አሉት።

"ለማን ነው የሚባለው?"

"ለገመቹ" አሉና በሩን ስበው ዘጉት።